አሥራ አንድ ሙሽራ ያለበት ሰርግ

በራቤል ከተማ እስከ ዛሬ የግራ ተከላካይ የመረጠ ሰው አላየሁም።

የኢትዮጵያ የምንጊዜም ምርጥ 11 ሲመረጥ ማለቴ ነው። የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ሰው የእኛን አገር ክረምት አያውቀውም። ከጓሳ በኩል የሚነፍሰው ብርድ አጥንት ሰርስሮ ሲገባ፣ ሰው ባናውን ተከናንቦ ዲኤስቲቪ ቤት ሲታጎር፣ የእንግሊዙ ጨዋታ እስኪጀምር ምን ይሠራል? አንዱ ከወለሉ ላይ ቆርኪ ይለቅማል። የሐበሻ ቢራ ቆርኪ አንድ ቡድን፣ የዳሸን ቆርኪ ሌላ ቡድን። ጠረጴዛው በክንድ ተጠርጎ ሜዳ ይሆናል።

ከዚያ መንግስቱ ወርቁ ይቀመጣል። ሉቻኖ ቫሳሎ ይቀመጣል። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ይከተላል። ሙሉጌታ ከበደ፣ ዮርዳኖስ ዓባይ፣ ሳላዲን ሰኢድ፣ ጌታነህ ከበደ፣ ሽመልስ በቀለ፣ አቡበከር ናስር። ዘጠኝ ቆርኪ፤ ዘጠኙም ፊቱን ወደ ተጋጣሚ ጎል ያዞረ። «በረኛስ?» ሲባል ቤቱ ዝም ይላል። «ማንም ይቁም፤ ኳሱ እንደሆነ ከእኛ እግር አይወጣ!» ይላል አንዱ ጀግና። ይሳቃል። የቀሩት ሁለት ቆርኪዎች ስም ሳይወጣላቸው ወደ ኋላ ይወረወራሉ፤ ጨዋታው ተጀመረ።

ይሄ አሥራ አንድ ሙሽራ ያለበት ሰርግ ነው። ሚዜ የለ፣ ወጥ ሠሪ የለ፣ ድንኳን የሚተክል የለ፤ ሁሉም ፎቶ ሊነሳ ከረባቱን አስሮ ቆሟል።

«አንተ ደግሞ! ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ምን ያንገበግብሃል?» ይሉኛል። ያንገበግበኛል። ሰው በምናቡ ቡድን ሲሠራ ማንም አያስገድደውም። በጀት የለበት፣ ጉዳት የለበት፣ ፌዴሬሽን የለበት፣ የአየር ቲኬት የለበት። የሞተውን አስነስቶ፣ የሸመገለውን አጎርምሶ ማሰለፍ ይችላል። እንዲህ ነፃ ሲለቀቅ ነው ሰው የሚያከብረውና የሚንቀው የሚለየው። እኛ ነፃ ስንለቀቅ ደግሞ ኳስ የሚነጥቅን ሰው እንንቃለን። የምንወደው አብዶ የሚሠራውን ነው፣ ጎል የሚያገባውን ነው፣ ማልያውን አውልቆ የሚሮጠውን ነው። ይህችው ዓይን ናት ነገ ሜዳ ወርዳ ልጅ የምትመለምለው።

አንድ ፀጉር አስተካካይ ወጣት፣ ጠጉሬን እየላጨ፣ «እሺ ጋሼ፣ ተከላካይ እናስገባ። ግን ተከላካይን ማን ያስታውሳል?» አለኝ። ልጁ ሳያስበው የክሱን መዝገብ ራሱ ከፈተልኝ።

እስቲ እናስታውስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ቃና ዘገሊላ በዋለ ማግስት፣ አዲስ አበባ፣ ያኔ በንጉሡ ስም ይጠራ በነበረው ስታዲየም፣ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ተጋጣሚ ግብጽ። ይህች ግብጽ ባለፉት ሁለት ዋንጫዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ፣ በ1959 ደግሞ ካይሮ ላይ፣ ሁለቴም 4 ለ 0 ሸኝታናለች። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አገባብን። በ74ኛው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን። ሰው ጨፍሮ ሳይቀመጥ በ75ኛው ባዳዊ ደገመን። አንድ ደቂቃ! ጎል ባገባን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጎል የመቀበል በሽታችን የዛሬ እንዳይመስላችሁ። በ84ኛው ሉቻኖ እንደገና አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግስቱ በ117ኛው። 4 ለ 2። ካፒቴኑ ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

(ያ ዋንጫ አራት አገሮች ብቻ የተካፈሉበት ነበር። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብጽን 4 ለ 2፣ አለቀ። ይህን ስናገር ደሙ የሚፈላ ሰው አለ። ይፍላ።)

አግቢዎቹን ራቤል ውስጥ የሚጠራልህ ሞልቷል። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም እንደነበረ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከፊቱ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄና በርሄ ጎይቶም እንደቆሙ የሚያውቅ ግን ጠይቄ አጣሁ። ከእነሱ ፊት አዋድ መሐመድና ተስፋዬ ገብረመድህን መሃሉን ያዙ፤ ከአግቢዎቹ ጎን አምስተኛው የፊት ተሰላፊ ጌታቸው ወልዴ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ማለት ይሄ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ግብጽን ያህል ቡድን ሲገፉ ሲመልሱ የዋሉት ሰዎች ስም ጠፍቶ፣ የአራት ቅጽበት ባለቤቶች ብቻ ሲዘከሩ ስድሳ ዓመት አለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ነኝ ባይ ይነሳል። «ራስህ ተናገርክ፤ አምስት አጥቂ አሰልፈው ነው ያሸነፉት። እኛስ ምን አጠፋን?» ስሙኝ። ያ አሰላለፍ እንግሊዞች ደብሊው ኤም የሚሉት ነው። በወረቀት ላይ 3-2-5 ይባላል፤ ሜዳ ላይ ግን ከአምስቱ ሁለቱ ወደ ኋላ ተስበው ከሁለቱ አማካዮች ጋር መሃል ሜዳው ላይ አራት ማዕዘን ይሠራሉ። ተጋጣሚም በሦስት ተከላካይ ነው የሚጫወተው፤ እያንዳንዱ የሚይዘውን ሰው ያውቃል። የእኛ ቆርኪዎች ግን ማንን እንደሚይዙ ጠይቁ። ሳላዲን ማንን ይይዛል? «እሱ አይይዝም፤ ይጠብቃል።» አቡበከርስ? «ይጠብቃል።» ዮርዳኖስ? ይጠብቃል። ዘጠኝ ሰው ቆሞ ኳስ የሚጠብቅበት ቦታ ሜዳ አይባልም፤ የአውቶቡስ ፌርማታ ነው።

አሁን ወደ ሌላ ጥር 13 ልውሰዳችሁ። በትክክል በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ኔልስፕሩት ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመ። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ለዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ምቤሱማ አገባብን። ይሄኔ ራቤል ላይ ቴሌቪዥን ትቶ የወጣ ሰው ነበር፤ ተናዶ። አሥር ሰው የቀረው ቡድን ግን ሁለተኛውን አጋማሽ ተናነቀ፤ በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አገባ። 1 ለ 1 ወጣን፤ ከአፍሪካ ሻምፒዮን ጋር፣ አንድ ሰው ጎድሎን።

በአራተኛው ቀን እዚያው ሜዳ ላይ ቡርኪና ፋሶ። 1 ለ 0 እየተመራን ሳለ በቀይ የወጣው አሁን የእነሱ በረኛ ሆነ። እነሱ አሥር፣ እኛ አሥራ አንድ። ጨዋታው ያለቀው 4 ለ 0 ነው። ሦስቱ ጎል የገባብን አንድ ሰው በልጠን ሳለ ነው!

ስለ ምርጥ 11 መከራከር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይህን ይፍታልኝ። ያው አሰልጣኝ፣ ከሞላ ጎደል ያው ተጫዋቾች፣ ያው ሜዳ። እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ አሥር ስንሆን ሁሉም ተከላካይ ሆነ፤ አንድ ሰው ስንበልጥ ሁሉም አጥቂ ሆነ። ሲጎድልብን የያዝነውን አደራ ሲተርፈን ጣልነው። ቆርኪው ጠረጴዛ ላይም የሆነው ይኸው ነው፤ በምናብ ሁልጊዜ ትርፍ አለን፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ሁሉም አጥቂ ነው።

አንድ የማከብራቸው መምህር አሉ፤ እንደ እኔ ቀስቃሽ አይደሉም፣ ማስረጃ ይዘው ነው የሚመጡት። «ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1970 አምስት አሥር ቁጥሮች አንድ ላይ አሰልፋ ዓለምን አላስደመመችም?» አሉኝ። ፔሌ፣ ቶስታኦ፣ ጄርሶን፣ ሪቬሊኖ፣ ጃዪርዚኞ። እውነት ነው መምህር። ግን አሰልጣኙ ዛጋሎ ምን አደረገ? ሪቬሊኖን ወደ ግራ፣ ጃዪርዚኞን ወደ ቀኝ አወጣቸው፤ በክለባቸው የለመዱትን ወንበር ነሥቶ ሌላ ሥራ ሰጣቸው። ከኋላቸው ክሎዶአልዶን ተከለ። ፒያዛን፣ አማካይ የነበረውን ሰውዬ፣ የመሃል ተከላካይ አደረገው። ካርሎስ አልቤርቶ በቀኝ ሽቅብ እንዲበር በግራ በኩል ኤቬራልዶ የሚባል ሰው ቤቱን ጠብቆ ይቀመጥ ነበር። የዚያን ቡድን ስም ዝርዝር ስትቆጥሩ ኤቬራልዶ ላይ ስትደርሱ ምላሳችሁ ይያዛል፤ አይደለም? እሱን ያወጣ ሰው ግን ካርሎስ አልቤርቶ በፍጻሜው ጣሊያን ላይ ያገባትን አራተኛ ጎል አብሮ ያወጣል።

የእንግሊዝና የስፔን ኳስ ነው የማውቀው ለሚሉት ልጆች ደግሞ የሪያል ማድሪድን ልንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ቤካምን አምጥቶ ኳስ ነጣቂውን ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ያን ዓመት የስፔን ሻምፒዮን ነበር፤ እንደገና ሊጉን ያነሳው በ2007 ነው። ዚዳን፣ ሮናልዶ፣ ፊጎ፣ ራውል፣ ቤካም፤ የራቤል ቆርኪ በእውን ተጫውቶ ያየነው ያኔ ነው።

እንግዲህ የእኔን ቡድን ልናገር፤ ድንጋይ ያለው ይወርውር።

አሰልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ። ቆርኪ ደርዳሪዎቹ አሰልጣኝ የሚባል ነገር ትዝ ብሏቸው አያውቅም፤ ለእነሱ ቡድን ማለት ስም ዝርዝር ነው። ይድነቃቸው ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ የ1954ቱ ባለድል አሰልጣኝ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው። ሉቻኖን «ተመለስና ያዝ» ቢለው ሉቻኖ ይመለሳል።

በረኛዬ ጊላሚካኤል ነው። አንድ ጣጣ አለበት። እሱ በተጫወተበት ዘመን ተከላካይ ወደ ኋላ በእግሩ የሰጠውን ኳስ በረኛ በእጁ ያነሳ ነበር፤ ያ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ስለዚህ ከኋላ መሥርቶ መጫወት የሚሉትን ፋሽን ለሌላው ትቻለሁ። ሲጨንቀው ረጅም ይምታ፤ ማንም አይቆጣውም።

ከፊቱ አራት ሰው። ክፍሎም በቀኝ፣ አስመላሽ መሃል፣ በግራ በርሄ ጎይቶም። ይኸው፣ የግራ ተከላካይ! የቀረው አንዱ የመሃል ተከላካይ ደጉ ደበበ ነው፤ ሦስቱ እርስ በርስ ቢላመዱም በአራት ሰው መስመር መጫወትን ኖሮበት ያደገ አንድ ሰው ያስፈልጋቸዋል። «ወደፊት ውጡ» «ቁሙ» እያለ የሚጣራው እሱ ነው።

ከአራቱ ፊት ሉቻኖ። እዚህ ላይ ቤቱ ይንጫጫል፤ ጎል አግቢ ካፒቴን እንዴት ወደ ኋላ ይሳባል? ይሳባል። የነጠቅነውን ኳስ መጀመሪያ የሚነካው ሰው ነው መልሶ ማጥቃቱ ይኑር ይሙት የሚወስነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ዓይኑ የበራ ሰው ካልቆመ ነጥቀን እንነጠቃለን። በአንድ ጎኑ አዋድ መሐመድ፣ በሌላው አዳነ ግርማ። አዳነን የመረጥኩት ስለ ዛምቢያዋ ጎል ብቻ አይምሰላችሁ። ተከላካይም፣ አማካይም፣ አጥቂም ሆኖ የተጫወተ ሰው ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሐውልት አይቆምም፣ ቡድን የሚቆመው ግን በእሱ ነው። ከሦስቱ ፊት ሽመልስ በቀለ፤ ግብጽ ሊግ ውስጥ ዓመታት የቆየ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ኳስ የማይደነግጥበት። ፊት ላይ መንግስቱና ሳላዲን።

ኳስ ሲጠፋ እንዲህ ነው። ሽመልስ የተጋጣሚን ጨዋታ አቀጣጣይ ይለጠፍበታል። መንግስቱና ሳላዲን የመሃል ተከላካዮቹን ወደ አንድ መስመር እየገፉ ይወስዷቸዋል። ኳሷ ወደዚያ መስመር ስትወጣ አዋድ ወይም አዳነ ሮጦ ይደርሳል፤ ሉቻኖ የተለቀቀውን ቦታ ይሸፍናል። ኳሷ ተሻግራ ወደ ሌላው መስመር ከሄደች ክፍት ነን። አውቃለሁ። ክንፍ የለኝም፤ ሆን ብዬ ነው። ሁሉን የሚሸፍን አሰላለፍ በምድር ላይ የለም፤ ታክቲክ ማለት የቱን ቀዳዳ ክፍት እንደምትተው መምረጥ ነው። ረጅም ኳስ አየር ላይ እስክትሻገር ሰው ተንሸራቶ ይደርሳል፤ በመሃል ተሰንጥቆ የገባ ፓስ ላይ ግን የሚደርስ የለም። ጨዋታው ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ከቆላ የመጣ ቡድን በ70ኛው ደቂቃ ሳንባውን የሚፈልግበት። ያኔ ነው አቡበከርን የምለቀው። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለቡና 29 ጎል ያገባ ልጅ የደከመ ተከላካይ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

«ግማሹን ቡድን ከአስመራ አመጣህ» የሚለኝ ሌላ ወገን አለ፤ ይሄ በተለይ በሹክሹክታ ነው የሚመጣው። አዎ አመጣሁ። ያን ዋንጫ ካነሱት ብዙዎቹ ከዚያ የተገኙ ልጆች ናቸው፤ ሉቻኖ ራሱ አስመራ ተወልዶ፣ ድሬዳዋ ለኮተን ተጫውቶ፣ በደርግ ጊዜ ተሰዶ ጣሊያን አገር ነው ያረፈው። የዛሬ ድንበር ወደ ኋላ ተመልሶ የ1954ን ጎል ከጨዋታ ውጪ ሊል አይችልም።

ቁጣዬ የሚብሰው ግን ለሞቱት አይደለም። ከከተማው ዳር ልጆቻችን የሚጫወቱበት ሜዳ አንድ ወገኑ ቁልቁለት ነው፤ ኳሷ ካመለጠች ወደ ታች ተንከባላ ገብስ ማሳ ውስጥ ነው የምትገኘው። የሜዳው ሕግ «የሳተ ያመጣል» ነው። ቁልቁለቱን ጀርባው አድርጎ የሚከላከል አንድ ቀጭን ልጅ አለ፣ በባዶ እግሩ። ኳሷን ከመንካቱ በፊት አጥቂውን እያየ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ አይቸኩልም፣ ልክ አጥቂው ኳሷን ከእግሩ ትንሽ ሲያርቃት ጣቱን ሰድዶ ይነካታል። እስካሁን ስንት ጎል እንዳዳነ የቆጠረ የለም። ባለፈው የወረዳ ውድድር ሲደርስ መራጮቹ መጥተው ቆሙ፤ አብዶ የሚሠሩትን ሦስት ልጆች ስም ጻፉና ሄዱ። ያ ልጅ አሁን «እኔም አጥቂ ልሁን» እያለ ከጓደኞቹ ጋር ይጣላል። ማን ይፈርድበታል? ትልልቆቹ ቆርኪ ሲደረድሩ በመስኮት ያያል።

ደግሞ ያሸነፍንባቸውን ቀኖች አስቡ። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ የውበቱ አባተ ቡድን ግብጽን 2 ለ 0 ሲረታ፣ በራሳችን ሜዳ መጫወት ተከልክለን ማላዊ ተሰደን፣ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው ዳዋ ሆቴሳ ነበር። ዳዋን በምርጥ 11 ውስጥ ያስገባ ቆርኪ ደርዳሪ ካለ ጠላው በእኔ ሒሳብ።

አሁን የቀረው የሙሉጌታ ከበደ ጉዳይ ነው። በ1980 ዓ.ም. ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትተን የሴካፋን ዋንጫ ስናነሳ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ትውልድ፣ ሙሉጌታን ተቀያሪ ወንበር ላይ ማስቀመጤን ሲያነብ ወረቀቱን ይቀዳል። ልክ ነው፤ ሙሉጌታ ወንበር የሚያሞቅ ሰው አልነበረም። ኢታሎም አልነበረም። ልታስገቧቸው የምትፈልጉ ኑና አስገቡ፣ በሬ ክፍት ነው። ግን በማን ቦታ እንደሚገቡ፣ ኳስ ስትጠፋም ማንን እንደሚይዙ አብራችሁ ተናገሩ። «እሱ አይመለስም፤ ይጠብቃል» የሚል መልስ አልቀበልም። እኔ ዘንድ መንግስቱ ወርቁም እየተመለሰ ነው የሚይዘው።